መለዋወጫው እስኪመጣ በእርሳስ

ኅዳር 4

እትዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት፣ የመደብሩ በር ሊከፈት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው የአልጋ ልብስ የሚያህል ፖስተር ይሰቅላሉ። የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። የአረንጓዴው ሣር ማጨጃ ፎቶ፣ ከሥሩ «ጥራት 7፣ ዋጋ 9፣ መለዋወጫ 9፤ በባለሙያ የተመሰከረለት»፣ ከእሱ ሥር ደግሞ የኔ ፊርማ። ያቺ እርስዎ «ጭራዋ የበዛ» የሚሏት ፊርማዬ፣ ክንዴን አክላ።

መለዋወጫ የሰጠሁት ሁለት ነበር። ሁለት!

ሰላም ሳልል ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ነዎት? ስልክ ደውዬ ብጮህ ደስ ባለኝ፤ ግን አርባ ዓመት ሞተር ያደነቆረው ጆሮዎ «ሃሎ» ከማለት በቀር ምንም አያተርፍም። ስለዚህ ጩኸቴን በወረቀት ይቀበሉኝ።

ማሽኑ ከሌላ አገር ፋብሪካ መጥቶ የመደብራችን ስም የተለጠፈበት ነው። የኔ ሥራ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት አርባ ሰዓት አስነስቼ፣ ፈትቼ፣ ለክቼ፣ ለጥራት፣ ለዋጋና ለመለዋወጫ ነጥብ መስጠት ነው። በፍተሻው የተሰበሩና ያለቁ አራት ዕቃዎችን አዘዝኩ፤ የማስነሻ ገመድ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የቤንዚን ክዳንና የስለት መከላከያ። በሰባት ሳምንት አንዱም አልመጣም። ስለዚህ ሁለት ሰጠሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ? የኔና የእርስዎ። እርስዎ ደንበኛ ያመጣው ሞተር ላይ የካርቶን ቁራጭ ያስሩና «ይድናል» ወይም «አይድንም» ብለው በእርሳስ ይጽፋሉ፤ መለዋወጫው እጅዎ ሳይገባ እስክሪብቶ አይነኩም። በእርስዎ ጋራዥ ያደግኩ ልጅ ምን ላድርግ? ሁለቱን በፍተሻ ካርዱ ላይ በእርሳስ ጻፍኳት፤ አንዱ ዕቃ እንኳ ቢመጣ ላሻሽላት። ከታች ግን፣ ሞኟ እኔ፣ በእስክሪብቶ ፈረምኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«ማን ነው የለወጠው?»

«ምኑን?»

«ሁለቱን።»

ካርዱን ከመሳቢያው አውጥቶ ዘረጋልኝ። «እኔ የማየው ዘጠኝ ነው። ፊርማው ያንቺ አይደለም?»

«ፊርማው የኔ ነው። ዘጠኙ የኔ አይደለም።»

«እንግዲህ እህቴ፣ ሁለት የሚል ወረቀት ካለሽ አምጪ፤ እናያለን።»

ላጲሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እትዬ። ፍርፋሪው እንኳ አልተጠረገም።

ሰው በኔ ስም አምኖ ይገዛል፤ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 15

ካንዴላዬ፣

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትሳቂ፤ እስክሪብቶው ነው። ርካሽ ገዝቼ የእጄን አገኘሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬም እንደድሮው ነው፤ ጎረቤቴ ስታማኝ ብቻ ይሰማኛል።

የእርሳሱ ጥፋት የእርስዎም ነው ብለሽኛል። ልክ ነሽ። አንቺ ከምታስቢው በላይ የኔ ነው። ግን እሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። ተናድደሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትወጪ። ብትወጪ ፊርማሽ ግድግዳው ላይ ብቻዋን ትቀራለች፤ የሚከራከርላት የለም። ከትምህርት ቤት አስተማሪሽ ጋር ተጣልተሽ ስትመጪ ምን አልኩሽ? «ተመለሺና እዚያው ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ» አላልኩሽም? አሁንም ያው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ አረንጓዴውን ገዝቶ የስለት መከላከያው ተሰነጠቀበት። ቅርንጫፉ «ስድስት ወር ጠብቅ» አለው። ምን ልበለው? ማሽኑስ ጨርሶ የማይረባ ነው? እውነቱን ንገሪኝ፤ ለደንበኛው ነው።

እጄ ስለደከመኝ እዚህ ላይ ላቁም።

አክስትሽ


ኅዳር 23

እትዬ፣

አልወጣሁም። እነሱ ግን አወረዱኝ። ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት፣ የተመላሽ ዕቃ መቀበያ መስኮት ላይ ነኝ። የቆየ ቤንዚን የሚሸት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መደርደሪያው በተመለሱ ማሽኖች የታጨቀ። ትምህርት ይሁናት ብለው ነው። ይሁነኝ! በአምስት ቀን የተማርኩትን ፎቅ ላይ በሁለት ዓመት አልተማርኩም።

ትናንት አንድ አትክልተኛ አረንጓዴውን በጋቢ እንደ ሕፃን ጠቅልለው አመጡ። «ልጄ፣ ሞተሩማ አንበሳ ነው» አሉኝ። «አንድ ክዳን ነው ጉድ የሠራኝ። ቤንዚኑን በፌስታል አስሬ ስንት ቀን ልሥራ?»

«በፌስታል አስረው ሠሩ?»

«ታዲያ በሻሽ ልሰረው?»

ከተመለሱት ውስጥ አንድም በሞተሩ የተመለሰ የለም፣ እትዬ። ሁሉም በትንሽ ዕቃ ነው። ለደንበኛዎ እውነቱ ይኸውና፦ አረንጓዴው መጥፎ ማሽን አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ርካሽ ስለሆነ ጠልቼው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በቀለለኝ። መደብራችን በሚሸጠው በውዱ ቀይ ማጨጃ ግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ የቀዩን ያህል ያጭዳል፤ ብዙም አያንቀጠቅጥም። ቀዩን መግዛት የማይችል ሰው የሚገዛው ማሽን ነው። ችግሩ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ስትሰበር ሙሉው ማሽን ቁራጭ ብረት መሆኑ ነው።

ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርዎ። በምሳ ሰዓት የአረንጓዴውንና የቀዩን ፍሪሲዮን ጎን ለጎን ፈታሁ። ከውስጥ የተቀረጸው የፋብሪካ ምልክት አንድ ነው! አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ የተለያየው ልብሳቸው ነው። የቀዩን የቤንዚን ክዳን በአረንጓዴው ላይ ጠመዘዝኩት፤ ገጠመ። ማጣሪያው ገጠመ። ገመዱ ገጠመ። አትክልተኛውን የቀዩን ክዳን አስገዝቼ ማሽናቸውን አስይዤ መለስኳቸው። መርቀውኝ ሊጨርሱ አልቻሉም፤ ሰልፉ ተንጫጫብኝ።

የስለት መከላከያውን ገና አልሞከርኩም፤ የቀዩ እዚህ አልቋል። ደንበኛዎ እስኪገኝ ይታገሥ። ያለ መከላከያ እንዳያስነሳ። ከቆርቆሮ ቆርጠው የሚገጥሙ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በምንም መንገድ እንዳያደርገው ይንገሩልኝ። ስለቱ ድንጋይ ሲመታ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ነው።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ወረደ። አፍንጫውን ይዞ ቆመ።

«ይቺን ነገር ብትተያት በስድስት ወር ውስጥ ዋና ፈታሽ ትሆኛለሽ» አለኝ።

«የትኛዋን ነገር?»

«አታውቂያትም?»

«በስሟ ይጥሯትና ልተዋት።»

ሳይጠራት ወጣ። እኔም ለመደብሩ ቦርድ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ጥር 12 ቀን ይሰሙኛል። እሱ ካርዱን ይዞ ይመጣል። እኔ ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም። ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ቃሌ ነው። ካልረታሁ «ስም አጥፊ» ተብዬ እባረራለሁ፤ ፊርማዬም ውሸታም እንደሆነች ትቀራለች። ከዚያ በኋላ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የኔን ነጥብ የሚያምነው?

ያንን እስክሪብቶ ይጣሉት፣ እባክዎ። ደብዳቤዎን ለማንበብ አጉሊ መነጽር ተበደርኩ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 5

ካንዴላዬ፣

ወረቀት የለኝም አልሽ? አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ምን አስተማረሽ?

ፖስታውን አራግፊው። ሌላ ፖስታ ይወድቃል። የጥቅምት 9 ደብዳቤሽ ነው። ሁለተኛውን ገጽ እዪው፤ ራስሽ የጻፍሽው ነው፦ «ዛሬ ለአረንጓዴው ጥራት ሰባት፣ ዋጋ ዘጠኝ፣ መለዋወጫ ሁለት ሰጠሁት። ሁለቷን በእርሳስ ስጽፍ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ የአክስቴ ሥርዓት ነው አልኳቸው።» ፖስታው ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከነቀኑ አለ። እሱን ደግሞ በላጲስ ያጥፋው እስቲ!

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ አሉ። የፒስተን ፋሻ የመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ በቀናቸው ደርድሬያቸዋለሁ። ይሄኛውን ዘይት ነክቶታል፤ ይቅርታ፣ ሁለቴ ሳነበው ነው። እሺ፣ አምስቴ።

ቦርዱ ፊት ስትቀርቢ አትጩሂ። ስትጮሂ እናትሽን ትመስያለሽ፤ እናትሽ ደግሞ አንድም ክርክር አሸንፋ አታውቅም። ቀስ ብለሽ ቁጥሩን አሳዪ። የስለት መከላከያውን ነገርም እንዳትረሺ። ሦስተኛው ቪቴ ሥር ሮንዴላ፣ ያቺ ስስ የብረት ቀለበት፣ የለም፤ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀው ከዚያ ጀምሮ ነው፣ ገና በስድስተኛው ሰዓት ገደማ።

እኔ ደህና ነኝ። አዲስ እስክሪብቶ ገዝቻለሁ፤ ከዚህም የባሰ ሆነ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 14

እትዬ፣

ደብዳቤው ደረሰኝ። መስኮቱን ዘግቼ፣ ከተመለሱት ማሽኖች መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። አምስቴ ያነበቡትን አሥር ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቦርዱ ፊት ባዶ እጄን አልቆምም።

ግን ስለ ሮንዴላው ማን ነገረዎት?

እኔ የፈተሽኩት ማሽን ሦስቱም ቪቴዎች ሥር ሮንዴላ ነበረው። ያኔ መከላከያው የተሰነጠቀው በሠላሳ ስድስተኛው ሰዓት ነው፤ ያንን ጽፌዋለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ወደ መደርደሪያው ሄጄ የተመለሱትን አንድ በአንድ ፈታሁ። እውነትዎን ነው፤ አንዱም በሦስተኛው ቪቴ ሥር ሮንዴላ የለውም። ለፍተሻ የላኩት ሌላ፣ ለገበያ ያወጡት ሌላ ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ገበያ ላይ የወጣውን ገዝቶ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ፣ በእጁ የፈታ ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ የደንበኛ ማሽን የሠራበትን ሰዓት አይቆጥሩም። የራስዎን ነው የሚቆጥሩት፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ።

«አንድ ደንበኛ» የሚሉት ሰው ማን ነው?

ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ከድሮዎቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እስክሪብቶ እንዲህ አያደርግም። ፊደሎቹ ወደ ግራ ተኝተዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ በእጅ ተጠርጓል፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው። እኛ የምንጽፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የጻፈውን ቀለም እየጠረገ የሚከተል እጅ አንድ ብቻ ነው፣ እትዬ፤ ግራ።

ቀኝ እጅዎ የት ነው?


ታኅሣሥ 24

ካንዴላዬ፣

አንቺን ያስተማረ ሰው ሚስጥር አይኖረውም። ይኸውና።

ፖስተሩ እዚህ ቅርንጫፍ የተሰቀለው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ አንቺ ከማየትሽ በፊት። ገበያ ወጥቼ አየሁት። ፊርማሽን ከመንገዱ ማዶ ነው ያወቅኳት። አላፊ አግዳሚውን «የእህቴ ልጅ ናት» ስል ዋልኩ። ያልነገርኩት ያ ዓይነ ስውሩ ሎተሪ ሻጭ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ለእሱም ነገርኩት።

ሁለት እንደሰጠሽው አውቅ ነበር፤ ደብዳቤሽ እጄ ላይ ነበር። ግን በእርሳስ ነበር ያልሽው። ስለዚህ ዘጠኝ ሲል «መለዋወጫው መጣላት፤ አሻሻለችው» አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር። እኔ ነኝ የማልጠራጠረው፤ ሥርዓቱ የኔ ነውና። ለዚህ ነው ጥፋቱ አንቺ ከምታስቢው በላይ የኔ ነው ያልኩሽ። ጉልበቴ አጎንብሶ ማጨድ ስለከለከለኝ አንዱን ገዛሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ደብዳቤም ጀምሬልሽ ነበር፤ አሁንም ቆርቆሮው ውስጥ አለ።

መከላከያው ተሰነጠቀ። ስድስት ወር ጠብቂ አሉኝ። እኔ፣ አርባ ዓመት ለሰው «እንዳታደርገው» ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ገጠምኩ። ስለቱ ድንጋይ መታ። ቆርቆሮው ተገንጥሎ ቀኝ እጄን አገኘው። የሁለት ጣቶቼ ጅማት ተቆረጠ። ሐኪሙ ሰፍቶታል። ያንቺ የኅዳር 4 ደብዳቤ የደረሰኝ ክሩ ሳይወጣ ነው። «ሰው በኔ ስም አምኖ ይገዛል» ብለሽ ጽፈሻል። ታዲያ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ያ ሰው እኔ ነኝ ልበልሽ?

አትደንግጪ። ሐኪሙ ይታጠፋሉ ብሏል። ዛሬ ጠዋት በሁለቱ ጣቶች ካቻቪቴ ይዣለሁ። አላዞርኩትም፤ ግን አልወደቀም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቦርዱ ፊት እጄን እንዳታነሺ። አዝነው እንዲፈርዱልሽ አልፈልግም። ሁለት ሁለት መሆኑን አይተው ይፍረዱ።

አክስትሽ


ጥር 16

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ስድብ ነበረባቸው፤ ግማሹ ለሥራ አስኪያጁ፣ ግማሹ ለእርስዎ። አሁን በርዶልኛል። ትንሽ።

አልጮህኩም። እናቴን አልመሰልኩም። የቦርዱ ሰብሳቢ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። የጥቅምቱን ደብዳቤ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይሄ ቢጫ ነገር ምንድነው?»

«የሞተር ዘይት ነው። አክስቴ መካኒክ ናት።»

«ጎበዝ መካኒክ ናት?»

«በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ትበልጣለች።»

ማኅተሙን አዩ፤ ቀኑን አዩ፤ ከካርዱ ጋር አስተያዩት። ካርዱ ላይ የተፋቀው ቦታ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። ሥራ አስኪያጁ ያኔ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ። በመጨረሻ «እሺ፣ ቁጥሩ ተለወጠ እንበል። ታዲያ ማን ተጎዳ? አንድ ሰው ትጥቀስ!» አለ።

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ እትዬ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አንድ ሰው አለች» አልኩ። «በሷ አዝናችሁ እንድትፈርዱ ስላልፈለገች ስሟን አልጠራም። በካርዱ ላይ ለመፍረድ ግን እሷ አታስፈልግም። ሁለት የነበረው ዘጠኝ የሆነው ማንም ባይጎዳም ውሸት ነው።» ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ካርዱን ደብዳቤው ላይ አስቀመጡት። ውሳኔውንም አስጻፉ።

ፖስተሩ ከሁሉም ቅርንጫፍ ወርዷል። ያወረዱት እነዚያው ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ አንደኛው «ጠቅልዬ ልስጥሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ተቀበልኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ይጠቅመኛል። የአረንጓዴው ሽያጭ ቆሟል፤ ለገዙት ሁሉ መከላከያና ሮንዴላ በነጻ ሳይደርስ አይቀጥልም። የትኛው የቀዩ ዕቃ ለአረንጓዴው እንደሚሆን የሚገልጽ ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተፈቅዷል። ዝርዝሩን የጻፍኩት በፖስተሩ ጀርባ ላይ ነው። አትክልተኛው መጥተው «ይሄ እኮ ጽላት ነው» አሉ። የቀዩ መከላከያም መጣ፤ ሞከርኩት፤ ሦስቱም ቀዳዳዎች ልክክ አሉ። ይህን በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ቦታሽ ተመልሶልሻል አሉኝ። አንድ ወረቀት ብቻ ነበረች መፈረም ያለብኝ። «ነጥቡ በጽሕፈት ስህተት የተለወጠ መሆኑን አምናለሁ» ትላለች። መለስኩላቸው። ላጲስ በራሱ አይሄድም። «በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ የተለወጠ» ብለው አስተካክለው ያምጡ፤ ያኔ እፈርማለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ እናስብበት ብለዋል። ያስቡበት። እኔ ምድር ቤት ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እርስዎ እንዳሉኝ። ፎቅ ላይ ላለው ቦታ አልቸኩልም፤ እዚህ ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች ስሜን እየጠሩ መምጣት ጀምረዋል።

የቀዩን መከላከያና ሦስት ሮንዴላ ከዚህ ጋር ልልክ ነበር፤ ተውኩት። ከላክሁት በግራ እጅዎ ሊገጥሙት እንደሚሞክሩ አውቃለሁ። የሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል፤ እኔ እፈታለሁ። ያንን «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውንም ከቆርቆሮው አውጥተው ይጠብቁኝ፤ አሁን ይገባኛል።

እስከዚያ ግን ይወቁት። ከእንግዲህ ያልጻፍኩት ቁጥር ከፊርማዬ በላይ እንዲቀመጥ አልቀበልም። ሰው ሆን ብሎ ያደረገውን ስህተት ብዬ እንድጠራለት አልቀበልም። ርካሽ የገዛ ሰው ርካሽ እንደሆነ ተቆጥሮ ስድስት ወር ጠብቅ መባሉን አልቀበልም። ከእርስዎም፣ እትዬ፣ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን አልቀበልም። ያ ካቻቪቴ በሁለቱ ጣቶችዎ ተይዞ አንዲት ቪቴ አጥብቆ ሲዞር በዓይኔ እስካይ ድረስ፣ ደህናነትዎን በእርሳስ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ